ከኋላ ማን ይሂድ

የዘንድሮውን ጉዞ እንዴት እንዳቀዱት ሲያወሩ ብትሰሙ፣ እኔ የምባል ሰው በዚህ ሰፈር ኖሬ የማላውቅ ይመስላችኋል። አንድ ሰው እንኳ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አላለኝም። በየዓመቱ ገዳሙን ለመሳለም በእግሬ የምሄድ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ማደሪያ የምደርስ፣ የቱ ጋ ውሃ እንዳለ የቱ ጋ ጥላ እንዳለ የማውቅ እኔ እያለሁ፣ ተሳላሚው የት የት እንደሚያድር የወሰኑት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ የእኔ ወዳጅ ናት። ሌላዋ ትናንት የመጣች ጎረቤት።

ወዳጄ ልብስ ሰፊ ናት። ስንጥር ነው የምላት፤ ልጅ ሳለን ለቅጥነቷ ያወጣሁላት ስም ነው፣ እስካሁንም የሚያስቀይረኝ ሥጋ አላበቀለችም። ስንዳር አብረን፣ ባል ስንቀብርም አብረን ነበርን። ጎረቤቲቱ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። እኔ ሐኪሚት እላታለሁ። ስድብ መሆኑ አልገባትም መሰለኝ ደስ ይላታል።

ከሰዓት በኋላ መጋረጃ አሳጥሪልኝ ብዬ ስንጥር ቤት ሄድኩ። መጋረጃው ምንም አልሆነም። የሐኪሚት ጫማ ከስንጥር ደጃፍ ወልቆ ሳየው ነው እግሬ አላርፍ ያለኝ።

ስገባ የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ የሚባል የለም። የማላውቀው ካርታ ተዘርግቶ ጥጉ ላይ ካውያ ተጭኖበታል። ሐኪሚት ቀይ ክር በመንገዱ ላይ እያጠማዘዘች ታስተኛለች፤ ስንጥር መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ በየማደሪያው ስፒል ትወጋለች። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ግንባራቸው ሊጋጭ ምንም አልቀረውም።

"ግቢና በሩን ዝጊው፤ ነፋስ ክሩን ይወስደዋል" አለችኝ ስንጥር። ሰላምታዋ ይኸው ነው።

"ይቅርታ፣ ሚስጥር ላይ ደረስኩ መሰል።"

"የምን ሚስጥር አመጣሽ? ማደሪያ እየመደብን ነው። የተሳላሚው ሰብሳቢ ዘንድሮ እናንተ አዘጋጁልን አለን።"

"እናንተ።"

"እና ማን ይበለን?"

ልቀመጥ ስል የእኔ ወንበር ላይ የሐኪሚት ሹራብ ተንሰራፍቷል። አንስቼ የስፌት መኪናው ላይ ወረወርኩትና ተቀመጥኩ። ሐኪሚት አጣጥፋ አስቀመጠችው፤ እሱም አናደደኝ።

"ይሄ የመጀመሪያው ስፒል የት ነው?" አልኩ።

"ከድልድዩ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ነው እትዬ" አለች ሐኪሚት።

"እዚያማ ሰው ለቅሶ ደርሶ ምሳው ሳይበርድ ይመለሳል። እኛ የመጀመሪያውን ቀን የምናድረው ከዳገቱ በላይ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው።"

"ዘንድሮ ወፍጮ ቤቱን ለማግስቱ አድርገነዋል። እግር ሳይለምድ ብዙ ከሄዱበት ይጎዳል። መጀመሪያ አጠር ይላል፣ መሃል ላይ እንጨምራለን፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ እንቀንሳለን።"

"እንግዲህ አራስ ሆነናል።"

ስንጥር ሳቀች። በእኔ ቀልድ የሳቀች መስሎኝ ቀና ስል ዓይኗ ሐኪሚት ላይ ነው። ካርታ አላነብም፤ ሁለት ሰዎች በሦስተኛ ሰው ላይ ሲተያዩ ግን ምን እንደሚባባሉ ከማንም በላይ አነባለሁ።

ሐኪሚት ጉሮሮዋን ጠራረገች። "እርስዎን ከፊት አድርገንዎታል። ፈጣን ነዎት፣ መንገዱንም ያውቁታል። እኔና እሷ ከኋላ ቀረት ብለን የደከመውን ሰው እናግዛለን።"

"ከፊት። ቃጭል እንደታሰረላት ፍየል። እናንተ ከኋላ ሆናችሁ ልታወጉ።"

"እንደዚያ ማለቴ አይደለም እትዬ።"

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ለእኔ የቀረበልኝ መቀስ ነበር። አንስቼ ቀዩን ክር ድልድዩ ጋ ቆረጥኩት። ጫፉ ተጠቅልሎ ከጠረጴዛው ወረደ።

ስንጥር መነጽሯን አወለቀች። "ምን ሆነሻል?"

"ምንም።"

"ክሩን ለምን ቆረጥሽው?"

"ረዝሞ ነው።"

ሐኪሚት ወጣ ልበል ብላ ስትነሳ ስንጥር እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

"ስንት ዘመን አብረን ሄደናል?" አልኳት። "ዛሬ ከእኔ ጎን የሚያስነሳሽ ምን መጣ? እሱን ብቻ ንገሪኝና መጋረጃዬን ይዤ ልሂድ።"

"አብረን ሄደን አናውቅም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"አብረን እንነሳለን፣ አብረን እናድራለን። መንገዱ ላይ አንቺ ትቀድሚያለሽ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂኛለሽ። እኔ ላቤን እየጠረግኩ ስደርስ፣ 'መጣሽ? በይ እንሂድ' ብለሽ ብድግ ትያለሽ። አንቺ አርፈሻል። እኔ መቼ ነው ያረፍኩት?"

"ሌላው ጥሎሽ ሲሄድ የጠበቅኩሽ እኔ!"

"ጠብቀሽኛል፣ አልካድኩም። ግን በዚያ መንገድ ከአንቺ የማውቀው የሻሽሽን ቋጠሮ ብቻ ነው።"

ሻሼን ነካሁት። ለምን እንደነካሁት እኔ እንጃ።

"አምና ዳገቱ ላይ" አለች፣ "ልቤ እንደ ወፍ ተንፈራገጠብኝ። ዛፍ ይዤ ቆምኩ። ልጠራሽ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ እምቢ አለኝ። እንደምንም ስደርስ 'ዛሬስ ኤሊ ሆነሻል' አልሽ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።"

"ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?"

"ተነስተሽ ሄድሽ እኮ።"

"እና ለእሷ ነገርሻት።"

"ጠየቀችኝ። ደረጃ ስወጣ አይታኝ፣ ምን ይሰማሻል አለችኝ። ሐኪም ቤት ይዛኝ ሄደች፣ ኪኒን ታዘዘልኝ። እንዲህ አጠር አጠር አድርጌ ካልሄድኩ ገዳሙን ዘንድሮ አላየውም። በአንቺ አካሄድ ከሆነ ደግሞ እቀራለሁ። ይኸው ነው።"

ወዳጁ ልቧን ታመመች ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያዝን ይመስለኝ ነበር። እኔን መጀመሪያ ያቃጠለኝ፣ ኪኒኗ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀመጥ ይህች ሴት ሳታውቅ አለመቅረቷ ነው። እኔ በዚህ ቤት ክር እንኳ በየት በየት እንዳለ የማውቅ። ሐዘኑ ከኋላ መጣ፤ ሲመጣ ግን መጋረጃዬን ይዤ መሄዱን አስረሳኝ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ቦታዎን ልቀማ አይደለም" አለች ሐኪሚት ቀስ ብላ።

"ብትቀሚም አትችይውም" አልኳት። "ስሚኝ አንቺ። ማደሪያው እንዳላችሁት ይሁን። አራስም እንባል፣ ኤሊም እንባል። ከፊት ግን አንቺ ሂጂ፤ በዕድሜ ከእኛ ታንሻለሽ፣ መንገዱ ደግሞ ቀጥ ያለ ነው፣ አይጠፋሽም። ከኋላ እኔ ነኝ። ኪኒኗ በእኔ ኪስ ይገባል። መቼ እንደምትውጥ፣ ሲያማት ምን እንደማደርግ፣ አሁኑኑ ቁጭ ብለሽ አስተምሪኝ። ካልገባኝም ድገሚልኝ፤ ፊትሽን እንዳታጨማድጂብኝ።"

ሐኪሚት እኔንም ስንጥርንም አየች። "ቀስ ብለው መሄድ ግን ይችላሉ?"

"አትችልም" አለች ስንጥር፤ አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

"አልችልም" አልኩ ወደ ስንጥር ዞሬ። "ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ? ስፈጥንብሽ ቀሚሴን ይዘሽ ጎትቺኝ። ቢቀደድ መስፋቱ በአንቺ ነው። ድንጋይ ላይ ከተቀመጥኩም አጠገቤ ተቀመጪ፤ አንቺ ሳትነሺ አልነሳም። አንድ ነገር ግን ቁርጥ አድርጌ ልንገርሽ፦ ሁለተኛ የሚያምሽን ለሌላ ሰው ቀድመሽ እንዳትናገሪ። መጀመሪያ ለእኔ። ለሐኪሚት ከዚያ በኋላ።"