በቅባት እጅ የሚከፈት ክዳን

ባለቤቴ የፀጉር ቅባት ትሠራለች። ከወይራ ዘይትና ከንብ ሰም ነው፤ የቀረውን ለእኔም አልነገረችኝም። ሠላሳ ዓመት አብረን ስለኖርን ምስጢር እንደማልጠብቅ ታውቃለች። መጀመሪያ ጎረቤት ወሰደላት፤ ቀጥሎ የጎረቤት እህት። በመጨረሻ ዋናው መንገድ ላይ ያለው የውበት ዕቃ ሱቅ ባለቤት ጋ ደረሰ።

ባለ ሱቋ እጇን ተቀባች፣ አሸተተች፣ ወደደችው። ከዚያ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው።

«ቅባቱ ግሩም ነው። ዕቃው ግን የማርማላታ ነው» አለች።

እውነቷን ነው። ማርማላታውን የጨረስኩት እኔ ነኝ።

«ይህን ከሽቶና ከክሬም መሐል ባስቀምጠው ሰው ዳቦ ይጠይቀኛል። እስከ ወሩ መጨረሻ ደህና ዕቃ ይዘው ይምጡ፤ አንድ መደርደሪያ እይዝልዎታለሁ። ካልሆነ ሌላ የሚጠብቅ ሰው አለ።»

ባለቤቴ ቤት እስክንደርስ ምንም አልተነፈሰችም። ጡረታ እስክወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ፤ ሰውን በመስታወት ማየት ልማዴ ነው። ከሚያጉረመርም ተሳፋሪ ዝም ያለ እንደሚከፋ አውቃለሁ። በሩን እየከፈተች «ያንን መደርደሪያ እፈልገዋለሁ» አለችኝ። ይህች ሴት «ይበቃኛል» ስትል እንጂ «እፈልጋለሁ» ስትል ብዙ ሰምቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሦስት ሆነን ወጣን። እሷ ቅባቱን፣ ልጃችን በኮምፒውተር የሠራችውን ሌብል፣ እኔ ቦርሳውን ይዤ። ልጃችንን እናቷ «ዲዛይነሯ» ትላታለች፤ ስትኮራባትም ስትናደድባትም ስሙ ያው ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ትልቅ ፋብሪካ ነው። የሽያጭ ኃላፊው ሁለቱን ሴቶች አልፎ እኔን ጨበጠኝ።

«ጋሼ፣ ምን ያህል ነው የምትፈልጉት?»

«እኔ ምንም አልፈልግም። ፀጉርም የለኝም።»

«ሁለት መቶ» አለች ባለቤቴ።

ሰውየው ከአንገት በላይ ሳቀ። «እናቴ፣ ከአምስት ሺህ በታች ማሽናችን አይነሣም።»

ቤታችን አምስት ሺህ ዕቃ ከገባ እኛ እንወጣለን። «ማሽናችሁ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል ማለት ነው» አልኩት። አልሳቀም። ሰው በገዛ ቢሮው ውስጥ ሌላ ሲያስቅ አይወድም።

ሁለተኛው በጥቂቱ የሚሸጥ አስመጪ ነበር፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ጎልማሳ። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠልን ብልቃጥ እውነትም ዓይን ይይዛል፤ መስታወቱ ጉም የለበሰ ይመስላል፣ ክዳኑ ወርቅማ ነው፣ እንደ እንቁላል ልስልስ ያለ። ልጃችን ሌብሏን አውጥታ ለጠፈችበትና ትንፋሿን ዋጠች። የእኔም ልብ ደንገጥ አለ፤ የባለቤቴ ሥራ እንዲህ ለብሶ አይቼው አላውቅም።

ባለቤቴ ግን የራሷን ጠርሙስ ከፍታ በሁለት ጣቷ ዛቀችና መዳፏንና ጣቶቿን ታሽ ጀመር።

«እናቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ አስመጪው፣ ጠረጴዛውን እያየ።

«ፀጉሬን እየተቀባሁ ነው እንበል። አሁን ደግሞ ልደግም ነው።»

ወርቁን ክዳን ያዘችው። ሟለጨ። አጥብቃ ያዘችው፤ እንደ ዓሣ ከእጇ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተሽከረከረ።

«በደረቅ እጅ ነዋ የሚከፈተው።»

«ቅባት ነው የምሸጠው፤ ደረቅ እጅ ከየት ላምጣ?»

ሰውየው መሐረቡን አወጣ፣ ክዳኑን ጠቀለለ፣ ከፈተ። «ይኸው። ቀላል ነው።»

«መሐረቡ አብሮ ይሸጣል?»

ልጃችን አውቶቡስ እስክንሳፈር ታግሣ ነበር። «እማዬ፣ ደንበኛ በዓይኑ ነው የሚገዛው።»

«በዓይኑ ይገዛል፤ በእጁ ይከፍታል። ሁለተኛ የሚገዛው በእጁ ነው።»

«መደርደሪያው ሊያመልጠን ነው እኮ። ከዚያ የሚያምር አናገኝም።»

«እኔስ አላማረኝም ብዬሻለሁ?» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እንዳማራት በዚያ ገባኝ። እጇን ግን በሻሿ ጫፍ ስትጠርግ ቆየች፤ ያስከፋት ብልቃጡን መተው ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛዋን ያገኘናት ከጎማ ጥገና ጀርባ ነው። የፕላስቲክ ዕቃ የምትሠራ ሴት ናት፤ ከኪሷ የሥራ ጓንት ሁልጊዜ ተንጠልጥሎ ስለሚታይ ሠፈሩ «ባለ ጓንቷ» ይላታል። አንድ ማሽን፣ የጆንያ ክምር፣ አንድ ወንበር። ወንበሩን ለባለቤቴ ሰጠቻት፤ እኔ ቦርሳውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ነጭ፣ አፈ ሰፊ ዕቃ አመጣች። ባለቤቴ እጇን ተቀብታ ሞከረችው። ይሄም ሟለጨ። ልጃችን ወደ ላይ፣ ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ አየች።

ባለ ጓንቷ አልተከራከረችም። ሳታስፈቅድ ጣቷን የባለቤቴ ጠርሙስ ውስጥ ከተተች፣ እጇን አሸች፣ ራሷ ሞከረች። ክዳኑ አመለጣት፤ ወድቆ እስከ በሩ ተንከባለለ።

«እውነትሽን ነው እኮ» አለች። «ይሄን ዕቃ ስሸጥ ስንት ጊዜዬ። ሴቱ ሁሉ በጥርሱ ነው የሚከፍተው ማለት ነው?» ከዚያ ጆንያዎቹን መፈተሽ ጀመረች። «ቆይ እስቲ፣ የአንገቱ ልክ አንድ ነው... አለ፣ አለ። እንቺ፣ ይሄን ግጠሚበት።»

ክዳኑ ወፍራም ነው፣ ዙሪያውን ጥርስ ጥርስ አውጥቷል፣ ቀለሙ ጥቁር። ባለቤቴ በዚያው በቅባት እጇ አንዴ ጠመዘዘችው። ተከፈተ። ዘጋችው፤ ከፈተችው። ሦስተኛ ጊዜ ስትዘጋው ፈገግ አለች።

«የምን ክዳን ነው?»

«የማሽን ግሪስ። ጋራዦች ናቸው የሚያሠሩኝ። መካኒክ እጁ መቼ ደርቆ ያውቃል?»

«የግሪስ ክዳን?» አለች ልጃችን። ድምፅዋ ውስጥ የተማረችበት ዩኒቨርሲቲ በሙሉ ነበረ።

«አዲስ ነው የማወጣላችሁ፤ ግሪስ ያላየ» አለች ባለ ጓንቷ። «ሁለት መቶም ቢሆን እሠራለሁ። ብቻ ለሁለት መቶ ብዬ ቀለም አልቀይርም። ከነገ ወዲያ የአትክልት ማጠጫ ስለምሠራ ማሽኑ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ይገባል፤ የእናንተን ክዳን በዚያው ቀለም፣ በሥራው ጅራት ላይ አወጣዋለሁ። ቀለም የሚያማርጥ አምስት ሺህ ይዘዝ።»

ባለቤቴ ልጃችንን አየቻት። «ዲዛይነሯ፣ ምን ትያለሽ?»

ልጃችን ክዳኑን ተቀብላ አገላበጠችው። ከእናቷ መዳፍ ትንሽ ቅባት ነካ አድርጋ እጇን አሸች፤ እሷም ከፈተችው፣ ዘጋችው። «ሌብሉ ሮዝ መሆኑ ቀረ» አለች በመጨረሻ። በእኛ ቤት እሺ ማለት እንዲህ ነው።

ወሩ ሳያልቅ ባለ ሱቋ ጋ ተመለስን። ነጭ ዕቃ፣ ጥቁር አረንጓዴ ክዳን፣ በክሬም ቀለም ወረቀት ላይ በአረንጓዴ የተጻፈ የባለቤቴ ስም። ባለ ሱቋ ዙሪያውን አየችው። ማርማላታ አላለችም።

«ክዳኑ ትንሽ የመካኒክ አይመስልም?»

«የመካኒክ ነው» አለች ባለቤቴ። «እጅዎን ያምጡ።»

ባለ ሱቋ ቀለበቶቿን አወለቀች። ባለቤቴ ቀባቻት፤ ዕቃውን ዘግታ በእጇ አስያዘቻት። ባለ ሱቋ ስለ ሱቁ ኪራይ እያወራች ከፈተችው፣ ትንሽ ጨመረች፣ ዘጋችው፤ መክፈቷን ያወቀችው ከዘጋችው በኋላ ይመስለኛል። ወሬዋን አቁማ ክዳኑን አየችው።

«እንግዲህ ታች ያለውን መደርደሪያ...»

«ታች ያለውን እግር ነው የሚያየው» አለች ባለቤቴ። «የነገሩኝ መደርደሪያ ነበር፤ ወለል አልነገሩኝም። ዓይን የሚደርስበት ላይ ያድርጉልኝ።»

ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እኔ ግን ቦርሳውን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩት፤ የሚጨበጥ ነገር አስፈልጎኝ ነበር። ባለ ሱቋ ሁለት የእጅ ክሬሞችን ገፋ አድርጋ መሐል ላይ ቦታ ከፈተች።

ዕቃዎቹን ባለቤቴ ራሷ ደረደረች፤ ስሟ ወደ ፊት፣ አንዱም ሳያጋድል። ጨርሰን ልንወጣ ስንል አንዲት የማናውቃት ሴት ገብታ በቀጥታ መደርደሪያው ፊት ቆመች። ባለቤቴ የጥርስ ሳሙና የምትመርጥ መሰለች። ቤት የጥርስ ሳሙና አለን። ሴትየዋ አንዱን አነሣች፣ ከፈተች፣ አሸተተች፣ ዘጋች። ሁለት ይዛ ወደ ሂሳብ ሄደች።

መንገድ ላይ ወጣን። ልጃችን የእናቷን ክንድ ጨብጣ አፏ እስከ ጆሮዋ ደርሷል። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ደህና ንግግር አዘጋጅቼ ነበር።

«አይቆጠርም» አለች ባለቤቴ ሳትዞር። «እጇ ደረቅ ነበር።»

ይህን ብላ ከፊታችን ሄደች። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ቀድማኝ ሄዳ አታውቅም፤ ጉልበቷን ያማታል። ያን ቀን እኔና ልጃችን ልንደርስባት ሮጥ ሮጥ ማለት ነበረብን።