ለእናቱ ሲል ያቆየው ጥርስ

መጽሐፍ ጠራዡ ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላው፣ በቀኝ መንጋጋው ጥግ አንድ የአእምሮ ጥርስ ተጋድሞ በቀለበት። ጥርሱ ድዱን ሰንጥቆ ለመውጣት አቅም አጣ፤ ተኝቶ ለመቅረትም አልፈቀደም። በየወሩ ያብጣል፣ ሦስት ቀን እንቅልፍ ይነሣል፣ ከዚያም እንዳልነበረ ይሆናል።

ጠራዡ ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። ሴትዮዋን ክፉ ትኩሳት ጆሮዋን ከደፈነባት ሃያ ዓመት አልፏል። የመጽሐፍ ጠራዥ እናት ትሁን እንጂ ፊደል አልቆጠረችምና፣ የዓለሙን ወሬ ሁሉ የምትሰማው ከልጇ ከንፈር ነበር። የሌላውን ሰው አፍ አይታ ከዐሥር ቃል ሦስቱን ብትይዝ ነው፤ እርሱ ግን ምግብ እያኘከ ቢናገር እንኳ አንዲት ቃል አታመልጣትም።

ከስምንት ወር በፊት አብረው ወደ ጥርስ ሐኪም ሄደው ነበር። ሐኪሟ ራጁን በመብራቱ ላይ ሰቅላ፣ “ሥሩ ነርቩን ተደግፏል” አለች። “አሁን ቢወጣ ይሻላል። ነገር ግን ከመቶ ሰው የሁለት ሦስቱ ታችኛው ከንፈር ደንዝዞ ይቀራል። መንቀሳቀሱን አይተውም፤ ይሁንና ሰው የማይሰማውን ከንፈር እንደ ቀድሞው አጥርቶ አያዘውም።”

“ብቆይስ?”

“ብትቆይ ይብሳል እንጂ አይሻልም።”

ሐኪሟ አፏን በማስክ ሸፍና ነበርና እናቱ ምንም አልያዘችም። “ምን አለች?” ብላ ፊቱን ተመለከተች።

“ቢቆይ ግድ የለም አለች፣ እማዬ።”

“እሰይ! ፈጣሪ ይመስገን። እኔማ አስተያየቷን ሳየው መንጋጋህን ከነሥሩ የምትነቅለው መስሎኝ ነበር።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠራዡ በልቡ ቀን ይመርጥ ጀመር። ቤት ኪራይ የሚታደስበትን ሳምንት አለፈ፤ እናቱ ለዓይኗ ሐኪም ዘንድ የምትቀርብበትን ሳምንትም አለፈ። እናቱ መስማት የማያስፈልጋት ሳምንት ፈልጎ አጣ።

በጥረዛ ቤቱ ወረቀት ቆራጩ ያላግጥበት ነበር። “አንተ ሰው፣ ዛሬም ኳስ ጎረስክ? ሌላው ጥርሱን ያስነቅላል፣ አንተ ታሳድጋለህ። ስም አወጣህለት ወይስ ገና ነው?”

“ይህ መዝገብ ተሰፍቶ ይለቅ።”

“በዚህ ቤት ሥራ አልቆ ያውቃል?” አለና ቆራጩ የማሽኑን እጀታ ጫነው። ጠራዡም ክሩን በሰም ማሸቱን ቀጠለ።

አንድ ሰኞ ጠዋት መንጋጋው ተቆልፎ ነቃ። በጥርሶቹ መካከል የማንኪያ ጫፍ አልገባ አለ፤ እብጠቱ ከጉንጩ ወርዶ አንገቱን ይዟል፤ ከንፈሩም ተወጥሮ ያብረቀርቃል።

“ምነው? ተናገር እንጂ!” አለች እናቱ።

ተናገረ፤ ድምፁ ወጣ፣ ከንፈሩ ግን አልታዘዘም። እናቱ ነጠላ ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታጠልቅ እጅጌውን ይዛ፣ መኪና የሞላበትን መንገድ እየጎተተች አሻገረችው።

ሐኪሟ ገና ስታየው ራሷን ነቀነቀች። ስትናገርም እናቱ ክንዷን ያዘቻት። “ልጄ፣ ይህን ጨርቅ ከአፍሽ አንሺልኝና ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። እኔ ጆሮ የለኝም።”

ሐኪሟ ማስኩን አውልቃ አንዴ ነገረቻት፤ ደገመችላት፤ ሠለሰችላት። እናቱ ከተነገራት ሁሉ የለቀመችው ጥቂት ነበር፦ ስምንት ወር፣ ይውጣ ብዬው ነበር፣ ከንፈሩ። ጥቂቱም በቃት። ወደ ልጇ ዞረች።

“ስለ እኔ ነው?”

መካድ አልቻለም፤ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

“ማን አደራ አለህ? አንተን እያመመህ እኔ ወሬ ልስማ? ምነው የኔ ጌታ፣ ምነው!” እጇን አንሥታ ልትመታው ቃጣች፤ የምትመታበት ያላበጠ ቦታ አጥታ መልሳ አወረደችው።

ሐኪሟም የቀረውን በእጇ ጭምር አስረዳቻቸው። ዛሬ አይነካም፤ መግሉ ቀድሞ በመርፌ መድረቅ አለበት። ከሳምንት በኋላ ግን የግድ ይወጣል። ጠራዡም ከንፈሩን በጣቱ ነክቶ በዓይኑ ጠየቃት። “ያን ጊዜ ያልኩህን አሁን ልልህ አልችልም” አለችው፤ ቁጥር አልጠራችም። “ያለን ቀን ማክሰኞና ዓርብ ነው።”

ጠራዡ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ማክሰኞን በጣቱ ነካ። ቀኑ ተመዘገበ። እርሱ ግን ከወንበሩ አልተነሣም፤ እናቱን እያየ መናገር ጀመረ። ሐኪሟ ብዕርና ወረቀት ዘረጋችለት። ወረቀቱን አየ፤ እናቱን አየ፤ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አኖረው።

እናቱ አገጩን በመዳፏ ደግፋ ፊቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

“አልያዝኩትም፣ የኔ ጌታ። ድገመው።”

ደገመው።