ሸዋዬ ዝም ያለችበት ቦታ

ሐምሌ 14 ቀን 1978 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ ድምፃዊት ሸዋዬ ሆርዶፋ በተቀበረች ማግሥት፣ ገርጂ በእናቷ ግቢ በተተከለው የእድር ድንኳን ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ እናቷ እማማ ደሪቱ፣ አጎቷ አቶ ዳጪ፣ ጭቃውን ተሻግረው የመጡ ሃያ የሚሆኑ ጎረቤቶች፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ካሴት ቤት ያለው ገሰሰ፣ ከገሰሰ ጎን ደግሞ ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይለኪሮስ።

ለኃይለኪሮስ ንፍሮ ዘግነው ሰጥተውት መዳፉ ላይ ቀዝቅዟል። እንኳን ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሲያጨበጭብለት እንኳ ከኦርጋኑ ጀርባ ቀና የማይል ዓይን አፋር ነው። ገሰሰ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ያወራዋል። ሣልስት ባለፈ ማግሥት አዲሱን ካሴቷን ማባዛት እንደሚጀምር፣ ለሽፋኑ የሚሆን ፎቶ እንዳገኘ፣ ሕዝቡ በሐዘኑ ትኩስነት እንደሚጠይቀው ነገረው። ከዚያ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ።

«ያቺ ቦታ እንደተሸፈነች ናት አይደል?»

«ናት፣ ጋሼ።»

«አንተ ባትኖር ጉድ ሆነን ነበር።»

ኃይለኪሮስ ንፍሮውን ሳይቀምስ ከጎኑ ላለ ጎረቤት አቀበለ።

አዲስ አበባ ሸዋዬን ያወቃት ከሦስት ዓመት በፊት በወጣው የመጀመሪያ ካሴቷ ነው። በዚያ ካሴት ሁለት ሳክስፎንና አንድ ትራምፔት ከፊት ይጮኻሉ፤ እሷ ከኋላቸው እየሮጠች ትደርስባቸዋለች። ያልተጨፈረበት ሠርግ አልነበረም። ሌላ ሰው ቢሆን ያንኑ ወጥ ደጋግሞ ባሞቀ ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን ልምምድ መጣችና ነፊዎቹን በትሕትና አሰናበተቻቸው። ከእናንተ ጋር ስዘፍን መጮኽ ለመድኩ፣ አሁን መናገር አማረኝ አለቻቸው። ከበሮ መቺውን አያሌውን ደግሞ ዱላውን አስቀምጦ በብሩሽ እንዲመታ ለመነችው።

«ሊስትሮ ልታደርጊኝ ነው?» አለ አያሌው ተኮሳትሮ።

«ሊስትሮ ብሩሹን ሲያስቀምጥ ጫማው ያበራል። አንተ መትተህ ጨርሰህ ዱላህን ስታስቀምጥ ጆሮዬ ይጮኻል።»

አያሌው ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን ብሩሹን ከእጁ የሚያስጥለው ጠፋ።

አዲሶቹ ዘፈኖች ዝግ ያሉ ነበሩ። ግጥሙንም ዜማውንም የደረሰችው ራሷ ናት፤ ከገርጂ እስከ መገናኛ በእግሯ ስትሄድ ዜማውን ታወጣና አውቶቡስ ስትጠብቅ ቃሉን ወረቀት ላይ ታሰፍራለች። ቤዝ ጊታሩ በእርጋታ ይራመዳል። ብሩሹ ሳር ላይ እንደሚጎተት ቀሚስ ይንሾካሾካል። የትዝታን ቅኝት ወስዳ ከሥሩ አንድ ላይ የሚነኩ ድምፆች፣ የጃዝ ኮርዶች፣ ዘረጋችለት፤ እነዚያን ኮርዶች ከኃይለኪሮስ ጋር አንድ በአንድ ሲፈልጉ ሁለት ክረምት ፈጅቶባቸዋል። ድምፅዋም ከጉሮሮዋ ወርዶ ደረቷ ውስጥ ቤት ሠራ። ምቱን ጥቂት አሳልፋ ነው የምትገባው። ኃይለኪሮስ መጀመሪያ ላይ የምትዘገይ እየመሰለው ይጠብቃት ነበር፤ ቆይቶ ግን የሚቸኩለው እሱ እንደሆነ ገባው። ለአሥራ አንድ ዓመት ኦርጋን ሲጫወት አለመቸኮልን ያስተማረው ሰው አልነበረም።

ድንኳኑ ውስጥ አቶ ዳጪ የእህታቸውን ልጅ እያነሡ ለጎረቤቶቹ ያወጋሉ። ጎመን ጭነው ገበያ ሲወርዱ ሸዋዬ ከፊት ከፊት እየዘፈነች ትሄድ እንደነበርና አህዮቻቸው ከእሷ እርምጃ ሌላ እንቢ ብለው እንደቀሩ ተናገሩ። «እሷ ሆቴል መዝፈን የጀመረች ጊዜ አህዮቼ ሥራ ፈቱ» አሉ። ሰዎቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፈኑት። እማማ ደሪቱም ፈገግ ብለው ወዲያው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ኃይለኪሮስ ግን አልሳቀም። አእምሮው ግንቦት ላይ፣ በገሰሰ ካሴት ቤት የጓሮ ክፍል ውስጥ ነው።

የካሴቱ የመጨረሻ ዘፈን የተቀዳው እዚያ ነበር፤ ድምፅን በአራት መስመር ለየብቻ በሚይዝ መቅጃ። ሸዋዬ ሁለተኛውን አንጓ እንዲህ ብላ ጨረሰች፤

ወንዙን ተሻግሬ ስጠራሽ ከማዶ፣
መልስሽ ይዘገያል መንገዱ ተንጋዶ።

ከዚያ ከማይክራፎኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ሙዚቀኞች አንዱን የምት ዙር ባር በሚሉት ልክ ስምንት ባር ሙሉ ዝም አለች። ከሥር ቤዙና ብሩሹ ብቻ ቀሩ፤ ኃይለኪሮስም ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት እጁን ሰበሰበ። ቀጥሎ ተመልሳ የመጨረሻውን አንጓ ዘፈነች። አንድ አንጓ የረሳች መሰለው። ልጠይቃት ብሎ አፈረ። በሳምንቱ ጉበቷን ታመመችና ሆስፒታል ገባች።

ቀረጻውን የሰማው ገሰሰ ደነገጠ። ግጥሙ ለሳንሱር ቀርቦ አንድ ቃል ሳይነካ ማኅተም ተመትቶበት ተመልሷል፤ ማንም ምንም አልቆረጠባትም። ግን በዚያ ዘመን ዘፈን መሐል ባዶ ቦታ የሰማ ሰው ሌላ ምን ይጠረጥራል? ተቆርጦባት ነው ይላል፤ ባዶውንም የራሱን ቃል ይሞላበታል። የሞላው ሳይሆን የሸጠው እንደሚጠየቅ ገሰሰ ያውቃል። ስለዚህ ኃይለኪሮስን አስጠርቶ ያንን ቦታ በኦርጋን እንዲሸፍነው ለመነው። ኃይለኪሮስ ሸፈነው። በሕይወቱ እንደዚያ አሳምሮ ተጫውቶ አያውቅም፤ ራሱም ሲሰማው ተገርሟል።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ሆስፒታል ሊጠይቃት ሲሄድ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ስለ ካሴቱ ነበር።

«ሁሉም እንደተውኩት ነው?»

«እንደተውሽው ነው» አላት።

ከዚያ በሰባተኛው ቀን ዐረፈች።

በሣልስቱ ዕለት ጠዋት ሴቶቹ ድንኳኑ ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። እማማ ደሪቱ ሙሾውን የሚያወጡት በኦሮምኛ ነው፤ ኃይለኪሮስ ደግሞ ቋንቋውን አያውቅም። ቃሉ ስላልገባው የሚሰማው ዜማውን ብቻ ሆነ። እማማ ደሪቱ አንድ ስንኝ ይጥላሉ፤ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ይጥላሉ፤ ይቀበላሉ። ሲቆይ ሴቶቹ እየደከሙ መጡ። አንዳንዶቹ ወደ ጓዳ ተነሡ፣ የቀሩትን ለቅሶው አፈናቸው። እማማ ደሪቱ ስንኙን ጣሉ። ማንም አልተቀበላቸውም።

እሳቸው አልቸኮሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። የኃይለኪሮስ እግር ሳያዘው ባሩን እየቆጠረ መሬቱን ይመታ ጀመር። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። በለቅሶ መሐል መቁጠሩ አሳፈረው፤ መተው ግን አልቻለም። ስምንት ላይ እማማ ደሪቱ አፋቸውን ከፍተው ቀጠሉ። በሚቀጥለውም ስንኝ ተቀባይ ጠፋ፤ በዚያችው ልክ ጠበቁ። ኃይለኪሮስ ግንቦት ላይ ሸዋዬ ዓይኗን ጨፍና የቆመችበት ስምንት ባር ትዝ አለው።

ወደ አቶ ዳጪ ጠጋ ብሎ እማማ ምን እንደሚሉ ጠየቃቸው። ልጇን እየጠራቻት ነው አሉት። ታዲያ ለምን መሐል ላይ ያቆማሉ ሲል አቶ ዳጪ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«እናንተ ከተሜዎች ሰው ስትጠሩ እስኪመልስ አትጠብቁም እንዴ?»

ኃይለኪሮስ ድንኳኑ ረገብ እስኪል ጠብቆ እማማ ደሪቱ አጠገብ በርከክ አለ። ከሙዚቃ ውጭ ይህን ያህል ቃል ለሰው ተናግሮ አያውቅም። ልጅዎ በዘፈኗ መሐል ዝም ያለችበት ቦታ ነበር አላቸው፤ የተሳሳተች መስሎኝ ሞላሁባት፣ ሳልነግራት ሞተች፣ ስትጠይቀኝም ዋሸኋት አለ። እማማ ደሪቱ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

«የሞላህበት ያምራል?»

ሊዋሽ አሰበና ተወው። «ያምራል፣ እማማ።»

«እንግዲያው ለራስህ ዘፈን አድርገው፣ ልጄ። የሷን መልስላት።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከገርጂ ተነሥቶ በእግሩ መገናኛ ወጣ፤ አውቶቡሱን ሳይጠብቅ እስከ ሃያ ሁለት ድረስ በእግሩ ቀጠለ። ገሰሰን ካሴት ቤቱ ውስጥ አዳዲስ ባዶ ካሴቶች ሲደረድር አገኘው። ኃይለኪሮስ ኦርጋኑን ላጠፋው ነው የመጣሁት ሲለው የቀለደ መስሎት ሳቀ። ቀጥሎ ተቆጣ። ነገ የሚባዛ ካሴት፣ ልጅቱ በሕይወት የለች፣ ማን ሊጠይቀን ነው አለ። ኃይለኪሮስ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። ሌላ ጊዜ ሰው ሲናገረው መሬት ያይ ነበር፤ ዛሬ መሬት አላየም።

«ባዶ ቦታ እኮ ነው» አለ ገሰሰ። «ሰው ምን ብሎ እንደሚሞላው ታውቃለህ?»

«ባዶ አይደለም፣ ጋሼ። የሞተብንን ሰው የምንጠራበት ነው። እርስዎስ የሚጠሩት የለዎትም?»

በ1970 ዓ.ም. የገሰሰ ታናሽ ወንድም ወልደጻድቅ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ድንኳን አልተተከለለትም፤ እናታቸው በራቸውን ዘግተው ትራስ ነክሰው ነው ያለቀሱት። ኃይለኪሮስ ይህን ከሸዋዬ ሰምቶ ነበር፤ ለገሰሰ ግን ማንም እንዲህ ፊት ለፊት አንሥቶበት አያውቅም።

ገሰሰ ተነሥቶ የሱቁን በር ከውስጥ ቆለፈ። ከዚያ ራሱ ወደ ጓሮ ክፍሉ ገብቶ የቀረጻውን ክር መቅጃው ላይ አጠመደው።

ኦርጋኑ ያለበትን መስመር ለማጥፋት በላዩ ላይ ዝምታ መቅዳት ያስፈልጋል። ማይክራፎኑ ክፍት ነው፤ ትንፋሽ እንኳ ይይዛል። ኃይለኪሮስ ኦርጋኑ ፊት ተቀምጦ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ። ሸዋዬ መጣች። ወንዙን ተሻገረች፤ ከማዶ ተጣራች። ገሰሰ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነ።

ኃይለኪሮስ ትንፋሹን ያዘ። ቤዙ ይራመዳል፣ ብሩሹ ይንሾካሾካል። ሦስት። አራት። ሸዋዬ ዓይኗን ጨፍና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ታየችው። ስድስት። ሰባተኛው ላይ ከንፈሩ ብቻ፣ ድምፅ ሳይወጣው፣ «አቤት» አለ።

በስምንተኛው መጨረሻ ሸዋዬ ምቱን ጥቂት አሳልፋ ገባች። ገሰሰ ማባዛቱን በማግሥቱ ጠዋት ጀመረ።