ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት

ዴኔልዳ ፎርቱይን ለዓለም አቀፉ የወይን ውድድር በዳኝነት ስትጠራ ያ ዓመት ስድስተኛዋ ነበር። አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ በሦስት ቀን ሁለት መቶ ሰባ ወይን ቀመሰች፤ እየቀመሰችም ተፋች። ጠርሙሶቹ በጥቁር ከረጢት ተጠቅልለው ቁጥር ብቻ ተለጥፎባቸው ስለሚቀርቡ የቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ዳኛ የለም።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት ቀረበ። የአገሬው ሰው ስቴን ከሚለው ዘር የተጠመቀ ነጭ ወይን ነበር። ዴኔልዳ አሸተተችው፣ ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳችው። አፏ ሲገባ መጀመሪያ ጎመዘዛት፤ ቀጥሎ የበሰለ ኮክ መጣ፤ በመጨረሻ ጨው ጨው የሚል ነገር ምላሷ ላይ ቀረ። ከተፋችው በኋላ እንኳ አልለቃት አለ። ከመቶ ዘጠና ሰባት ጻፈች።

ሌሎቹ አራት ዳኞች ከሰማንያ ዘጠኝ አልዘለሉም።

«ጥሩ ነው፤ ግን ይሻክራል» አለ ከለንደን የመጣው ሚስተር ሃስላም።

«አይሻክርም። አጥንት ስላለው ነው።»

«ሞቅ ብሎሻል ልበል?»

«እኔ ስተፋ ነው የዋልኩት። የዋጥከው አንተ!»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ዴኔልዳ ወረቀቷን ሙጭጭ አለች። ምሳ እስኪቀዘቅዝ ተከራከረች። ወይኑ ብርጭቆ ውስጥ ሞቅ እስኪል አስጠበቀቻቸውና ደግመው አስቀመሰቻቸው። ሃስላም እስክሪብቶውን አውጥቶ የጻፈውን ሰረዘ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በመጨረሻ ያ ወይን ከነጭ ወይኖቹ ሁሉ አንደኛ ወጣ።

ከረጢቱ ሲገለጥ ባለቤቱ የቫልክድራይ እርሻ ሆኖ ተገኘ። ዴኔልዳ ትንሽ ገረማት። የቫልክድራይ ወይን በየሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ እንደ ለስላሳ የተኮለኮለ ነው፤ ሲጠጣ እንጂ ሲመሰገን ሰምታ አታውቅም። «ይሁና፤ የቀመስኩትን አውቃለሁ» አለች።

የሽልማቱ ምሳ በጥቅምት፣ ስቴለንቦሽ በሚገኝ ግቢ፣ በትልልቆቹ የኦክ ዛፎች ጥላ ሥር ተዘጋጀ። ሁለት መቶ እንግዳ ተጠርቷል። ለዚያ ወይን የተሟገተችው እሷ ናትና ዋንጫውንም እሷ እንድትሰጥ ተወሰነ። የተጠበሰው ዓሣ እንደ አገሩ ልማድ ከነማርማላታው እየዞረ ሳለ አንደኛ የወጣው ወይን ተቀዳ። ዴኔልዳ ደስ ብሏት ብርጭቆዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ እጇም እዚያው ቀረ።

ያ ወይን አልነበረም። ጣፋጭ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ርካሽ ወይንን ለማሽተት በከረጢት ተሞልቶ ጋን ውስጥ የሚነከር የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸታል። ሌላ ጠርሙስ እንዲከፈት አዘዘች። ያው ነው። ሦስተኛም አስከፈተች። ያው! በየጠርሙሱ አንገት ላይ ግን የወርቁ ምልክት ያብለጨልጫል። እሷ በአፏ የመሰከረችለት ወርቅ።

ተነሥታ የውድድሩ ሰብሳቢ ወደሆኑት ወደ ፕሮፌሰር ማሬ ሄደች።

«ፕሮፌሰር፣ ይሄ እኛ የሸለምነው ወይን አይደለም።»

ፕሮፌሰሩ ቀመስ አደረጉ። ዓይናቸው አንድ ጊዜ ፈጠጥ አለና ወዲያው ተመለሰ። አውቀዋል። ማወቃቸውን እሷም አወቀች።

«ዴኔልዳ፣ ጠርሙስ ከጠርሙስ ይለያያል» አሉ።

«ይለያያል። ፍየል ግን በግ አይሆንም።»

«ቀስ በይ እንጂ! ሰው ይሰማል። ሰኞ ቢሮዬ ነይና ረጋ ብለን እናየዋለን።»

«ሰኞማ ባለ እርሻው ይሄን ወርቅ ለጥፎ አገር ምድሩን ያጥለቀልቀዋል።»

«ስሚኝ፤ አንቺን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ ምን ያህል እንደታገልኩ ታውቂያለሽ። አሁን መድረኩ ላይ ውጪ፣ ዋንጫውን ስጪ፣ ፈገግ በይና ፎቶ ተነሺ። በቃ።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ያን ጊዜ ገባት። ከሁሉ ያቃጠላት ግን «ፈገግ በይ» ያሉት ነው። አባቷ ራውሰንቪል ያለ እርሻ ላይ ዕድሜውን ሲገፋ የደመወዙን ግማሽ የሚቀበለው በቆርቆሮ ጣሳ ነበር፤ በቀን አምስት ጊዜ፣ ለሽያጭ የማይበቃ ወይን። አለቃው ጣሳውን ሲያቀብለው «ፈገግ በል እንጂ፤ ሞላሁልህኮ!» ይለው ነበር። አባቷ ፈገግ ይላል። በአርባ ሰባት ዓመቱ ጉበቱ ሟሙቶ ሲሞትም እርሻው የላከው አንድ ካርቶን ወይን ነው። እሷ ደግሞ ትልቅ ወይን ቤት ብርጭቆ እያጠበች፣ እንግዳ የተወውን አተላ እያሸተተች ነው ይሄን ሙያ የተማረችው። በዚህ አፍንጫ የቀለደ የለም። እስከዛሬ።

ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። ከወጥ ቤቱ ድንኳን አጠገብ ባለው የመጨረሻ ጠረጴዛ፣ «ቫልክድራይ» የሚል የተጻፈበት አዲስ ሸሚዝ የለበሱ ስድስት ሠራተኞች ተቀምጠው ነበር፤ ለፎቶ ነው የመጡት። ከመካከላቸው ሽበታሙ ሽማግሌ ምግቡን ትቶ የተቀዳለትን ወይን ያሸታል፤ ፊቱን አጨማዶታል። አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ኡም፣ ይቅርታ» አለችው፤ በአገሩ አነጋገር አጎቴ ማለቷ ነው። « የወይን ጓዳው ሰው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ ልጄ። አብሪ ዊትቦይ እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው እዚያ።»

«እኔ በሐምሌ የቀመስኩት ሌላ ነው። ሲገባ ይጎመዝዛል፣ ኮክ ኮክ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ...»

ኡም አብሪ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ጨው ጨው ይላል?»

«ይላል።»

«ከተዋጠ በኋላ ነው የሚመጣው?»

«እኔ እንኳ ተፍቼውም መጣ።»

ሽማግሌው ወደ እሷ ጠጋ አለ። «የኔ ነው» አለ በሹክሹክታ። «ከቤቴ ጀርባ፣ ትራክተር የማይወጣው አቀበት ላይ ስድስት ረድፍ አለ። አማቴ የተከለው ነው። በየዓመቱ ከዚያ አንዲት በርሜል ብቻ እጠምቃለሁ። የእርሻው ጌታ ኔልስ መጥቶ ለልጁ ሠርግ ነው ብሎ ወሰደው።» ዓይኑ በራ። «አንደኛ የወጣው እሱ ነው?»

«ከሁሉም አንደኛ!»

«ከፈረንሳዮቹም?»

«ከፈረንሳዮቹም።»

ሽማግሌው እንደ ልጅ ሳቀ። ሳቁ ግን ሳያልቅ ፊቱ ጠቆረና ክንዷን ያዘ። «ልጄ፣ እንዳትናገሪ። ቤቴ እርሻው ላይ ነው። ሚስቴ እግሯን ታማለች፤ የት አደርሳታለሁ? ተይው። እኔ አወቅሁ፣ አንቺ አወቅሽ። ይበቃል።»

«ስምዎ ከአፌ አይወጣም፤ እምላለሁ» አለችው። ዝም እላለሁ ግን አላለችም።

ስሟ ተጠራ። የእርሻው ባለቤት ኔልስ ቴርብላንሽ ቀድሟት መድረኩ ላይ ወጥቶ፣ ሰፊ ትከሻውን ዘርግቶ፣ ጥርሱን ለካሜራው አሰናድቶ ይጠብቃል። ዴኔልዳ ዋንጫውን አንሥታ ታቀፈችው። አልሰጠችውም።

«ሚስተር ቴርብላንሽ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ከዚህ ወይን ስንት ጠርሙስ አዘጋጁ?»

«አርባ ሺህ!» አለ በኩራት። ጭብጨባ ሆነ።

«እኔ ዘጠና ሰባት የሰጠሁት ወይን አሁን በየብርጭቋችሁ ያለው አይደለም» አለች ወደ ሕዝቡ ዞራ። «ምላሴን ማመን የማይፈልግ አያምን። ለውድድሩ ከገቡት ስድስት ጠርሙሶች ሁለቱ እንደታሸጉ ማከማቻችን ውስጥ አሉ። አሁኑኑ ይምጡና ይከፈቱ።»

ፕሮፌሰር ማሬ ተነሥተው «ለዚህ እንኳ ሥነ ሥርዓት...» ማለት ሲጀምሩ ሃስላም ከመቀመጫው ጮኸ። «እኔም ፈርሜበታለሁ። መቅመስ እፈልጋለሁ!» ከዚያ ወዲህ እምቢ የሚባልበት መንገድ አልነበረም።

ጠርሙሱ መጣ። ማኅተሙ ተፈታ። ሃስላም አንዱን ቀመሰ፣ ሌላውን ቀመሰ፤ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ነው። ያኛው ግን ይሄ አይደለም።» ብርጭቆው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከፊት የተቀመጡት በሙሉ ቀመሱ። ፕሮፌሰሩም ቀመሱ፤ አንገታቸውን ደፉ።

ዴኔልዳ ቴርብላንሽ ሲያፍር ለማየት ጠበቀች። አላፈረም። እጆቹን ዘርግቶ ሳቅ አለ።

«ወዳጆቼ፣ ስሕተት ከሰው አይጠፋም። ያ ሽማግሌ ነው» ጣቱን ወደ ወጥ ቤቱ ድንኳን ቀሰረ። «አብሪ። ዓይኑ ደክሟል። ጠርሙስ ቀላቅሎ ነው የላከው። እኔ ምን ላድርግ? ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ያለ ሰው ስለሆነ አዝኜለት ነው ያቆየሁት።»

የሁለት መቶ ሰው ዓይን ወደ ኋላ ዞረ። የዴኔልዳ ደም ፈላ። «እርስዎ» ማለቱም ከአንደበቷ ጠፋ።

«አንተ! አፍህን ዝጋ!» አለችው። «ለሠርግ ነው ብለህ ወስደህ ነው አይደል? እንዲህ ያለ ወይን እንኳን መጥመቅ፣ ሠርተው ቢሰጡህ ከሆምጣጤ የማትለየው አንተ ነህ!»

ከአፏ እንደወጣ ስሕተቷ ገባት። ሠርግ የሚለውን ቃል የሰማችው ከአንድ ሰው ብቻ ነው። ስም አልጠራችም፤ ግን ስሙን ከመጥራት በምን ተለየ?

ኡም አብሪ ከወንበሩ ተነሣ። ቀስ ብሎ ናፕኪኑን አጠፈ።

«በሠላሳ አራት ዓመት አንድም ጠርሙስ ቀላቅዬ አላውቅም» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ቢሆንም ግቢው ሁሉ ሰማው። «የዚያች በርሜል ክፍል ቁልፍ ያለው በአንተ እጅ ነው ኔልስ። ጠርሙሶቹን ራስህ በመኪናህ ጫንክ። እኔ በሩን ይዤልህ ነበር። ደክሟል ያልከው ዓይኔ አይቶሃል።»

ያን አዲስ ሸሚዝ እዚያው ቆሞ አወለቀ፤ ወንበሩ ላይ አንጠልጥሎት በካናቴራ ብቻ ከግቢው ወጣ።

ሽልማቱ ተሠረዘ፤ የወርቁም ምልክት ከየሱቁ ተላጠ። ጋዜጦች አንድ ሳምንት ጻፉና ረሱት። ለዴኔልዳ ከውድድሩ አጭር ደብዳቤ ደረሳት፤ ለሚቀጥለው ዓመት «አዳዲስ ድምፆችን» እንደሚጋብዙ ይገልጻል። ቀድዳ ጣለችው። ኔልስ ቴርብላንሽ አብሪን ከሥራ አባረረው። ከቤቱ ግን ሊያስወጣው አልቻለም፤ ሠላሳ ዓመት የኖረን ሽማግሌ ከቤቱ መጣል ሕግ ይከለክላል። ስለዚህ ቤቱን አልነካም። ትራክተር የማይወጣው አቀበት ላይ በሰንሰለት የሚሄድ መቆፈሪያ መኪና አወጣ።

ዴኔልዳ ይህን በሰማች ማግሥት ወደ ቫልክድራይ ነዳች። አቀበቱ ቀይ ቁስል ሆኖ ጠበቃት። ሰባ ዓመት ያስቆጠሩት የወይን ግንዶች ከነሥራቸው ተነቅለው ከአብሪ ቤት ጀርባ ተቆልለዋል። ሥሮቹ ከሰው ክንድ ይወፍራሉ። አብሪ ከቁልሉ ሥር መጥረቢያ ይዞ ቆሟል።

«ኡም አብሪ፣ እኔ...»

«ምን እኔ?» አላት። እንዲህ ያለ ድምፅ ያወጣል ብላ አልገመተችም። «አትናገሪ ብዬሽ ነበር። ምለሽልኝ ነበር! እንደ አባት ነው የለመንኩሽ።»

«ስምዎን አልጠራሁም።»

«አልጠራሽም! ሠርግ አልሽ እንጂ። እሳት ካየው ምን ለየው? አንቺ ልክ ነበርሽ፤ ልክ መሆንሽን አላጣሁትም። ልክ ሆነሽ በመኪናሽ ሄድሽ። እኔ ግን በየማለዳው መስኮቴን ስከፍት የማየው ይሄንን ነው።»

«እሱ ነው የነቀለው። በኔ አይፍረዱ።»

«እሱንማ አውቀዋለሁ! ሠላሳ አራት ዓመት አውቀዋለሁ። ከእሱ የጠበቅሁት ነገር አልነበረም። የተናደድኩት ባንቺ ነው።»

ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን ቀለለባት፤ ከዚያ ቁልል ፊት ሲያዩት ገለባ ነው። ቆማ ግንዶቹን አየች። ንዴቷ ተመልሶ መጣ፤ በቴርብላንሽ፣ በፕሮፌሰሩ፣ ከሁሉ በላይ በራሷ ምላስ። ያን ሁሉ ወይን አጣርቶ የሚያውቅ ምላስ አንዲት ቃል መያዝ አቃተው።

ከቤቱ ውስጥ የሚስቱ ድምፅ መጣ። «አብሪ፣ ማነው?»

«ዳኛዋ ናት» አለ ሳይዞር። ከዚያ ዴኔልዳን ከራስ እስከ እግሯ ተመለከታትና መጥረቢያውን ዘረጋላት። «ማገዶ ነው የሚሆነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? ቆመሽ አታልቅሺብኝ። ፍለጪ።»

ዴኔልዳ ጫማዋን አወለቀች፤ ተረከዙ ቀይ አፈሩ ውስጥ እየሰመጠ አላስቆማት ብሎ ነው። የወይን ግንድ ጠማማና ብርቱ ነው፤ የመጀመሪያው ምት ዝም ብሎ ነጠረ፤ ሁለተኛውም። በሦስተኛው ተሰነጠቀ። ኡም አብሪ ፍልጡን እያነሣ ከግድግዳው ጥግ መደርደር ጀመረ። መዳፏ ውኃ ቋጥሮ እስኪፈነዳ፣ የመጀመሪያውን ረድፍ ጨረሱ።