ስድስተኛዋ ጳጉሜ

ያለምወርቅ የሚያስፈልጋት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ሱዳን ውስጥ፣ ባሱንዳ ዳር፣ ስልሳ የሙጫ ግራር አላት፤ ዘጠኝ ዓመት ቅርፊታቸውን እየላጠች፣ ሙጫቸውን እየለቀመች ልጆቿን ያሳደገችባቸው። ዘንድሮ ዊላያው፣ የገዳሪፉ መንግሥት ማለት ነው፣ መሬቱን ለአንድ የማሽላ ነጋዴ ሰጠው። ዛፉ ግን የፌዴራሉ ነው፤ ከዶካ ከተማ የሚመጣው ደን ጠባቂ በቀይ ቀለም ምልክት ካደረገበት ማንም አይቆርጠውም። ጠባቂው ደግሞ «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ብሏታል።

ዛሬ በጠዋቱ የነጋዴው ወኪል ሙዳሲር አሥራ ሁለት የጎንደር ቆራጮች አስከትሎ ከች አለ።

«ካርቱም ራሷ ተቃጥላለች፤ ወላሂ፣ የምን ፌዴራል ነው?» አላት።

ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ወደ ቆራጮቹ አለቃ ወደ ባንታምላክ ሄደች።

«ወንድሜ፣ በሕዳር ሚካኤል መጥረቢያ ታነሳለህ?»

«ሚካኤልማ ትናንት አለፈ እኮ፣ እህቴ። አርፈን ነው የዋልን። በስልኬ አይቼ ነው፤ በፈረንጅ ኖቬምበር ሃያ አንድ ቀን።»

«ያለፈችው ጳጉሜ ስንት ቀን ነበረች?»

ባንታምላክ ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረ። ስድስት ነበረች። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን በፈረንጁ አቆጣጠር በዓሉ አንድ ቀን ይዘገያል፤ ይህን ስልክ ከየት ያውቀዋል? በባዶ ቀን አርፈው ውለው በመልአኩ ዕለት ሊቆርጡ ነበር። አፈረ። መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ አሥራ አንዱም አስቀመጡ። ሙዳሲር «ስንት ሚካኤል ነው ያላችሁ?» እያለ ተንጨረጨረ፤ ሰሚ አላገኘም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተመለሱ። ጠባቂው የለም። ያለምወርቅ ፈራች፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው ዛፍ ሥር ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ከኔ ጀምሩ» አለች።

ባንታምላክ አያት። ከዚያ ድንጋይ ፈልጎ ቁጭ አለና መጥረቢያውን ይስል ገባ።

«ዶልዱሟል» አለ።

የሌሎቹም ሁሉ ዶልዱሞ ተገኘ። ሙዳሲር ለመነ፣ ተሳደበ፣ አባርራችኋለሁ አለ። እነሱ ይስላሉ። የቀን ክፍያቸው እየቀረ መሆኑን ያውቃሉ፤ ያለምወርቅም ታውቃለች፣ እንባዋ መጣ።

አራት ሰዓት ላይ የዶካ ሎሪ ቆመ። ጠባቂው የቀይ ቀለም ቆርቆሮውን አንጠልጥሎ ሲወርድ ባንታምላክ ስለቱን በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«አሁን ሰላ» አለው ለሙዳሲር።