ከጋጣው ጀርባ ያለው እንሰት

...ደግሞ ቀጥ ብሏል፣ ቱንቢውን ሦስቴ ጣልኩ፣ ሦስቴም ቀጥ፣ ምናለ አንድ ቦታ እንኳ ቢንጋደድ፣ ይህ የተረገመ እጅ ጠማማ መሥራት አያውቅም። ግንቡ ጫፍ ላይ ሆኜ ሁሉም ይታየኛል፣ በውስጥ በኩል የፈረሶቹ ጋጣ፣ ጥርብ ድንጋይ፣ ፊታውራሪ እንግሊዝ አገር አይተው የመጡት ዓይነት፣ ለፈረስ እንዲህ ያለ ቤት! ከጋጣው ጀርባ እንሰቱ። የኛ እንሰት። ስድስት ዓመት፣ እኔ እየነቀልኩ መልሼ የተከልኩት፣ ሚስቴ ሃሊማ ፍግ ተሸክማ ያሳደገችው፣ አሁን ግንቡ ውስጥ ነው፣ ያጠርኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ምን ነካኝ ያን ቀን? ፊታውራሪ በበቅሏቸው መጡ፣ ሸረፋ፣ ይህ ያማረ እንሰት የማነው አሉ፣ የጌታዬ ነው እንጂ የማን ይሆናል አልኩ፣ ማን የማይል አለ፣ አባቴም ይል ነበር፣ ጌታ ሲያደንቅ የእርስዎ ነው ይባላል፣ ጌታም ይባርክህ ብሎ ያልፋል። እሳቸው አላለፉም። ሰማችሁ አሉ አጃቢዎቻቸውን፣ ከሰሱኝ፣ ቡታጅራ ዳኛው ፊት ከአጃቢዎቹ ሁለቱ መሰከሩ፣ ብለሃል አላልክም አለኝ ዳኛው? ቁርአን ቀረበልኝ። ብያለሁ። እንዴት አላልኩም ልበል፣ ብያለሁ። ከዚያ ፊታውራሪ፣ እንሰቱን እጠር፣ ግንቡን ሳትጨርስ ብትሄድ ጎጆህንም ነቅለህ ነው አሉኝ፣ ጭሰኛ ምን ይላል፣ እሺ።

ለሃሊማ አልነገርኳትም፣ በር ይተውልናል ብያታለሁ፣ ውሸታም። ይኸው መጣች፣ በውጭ በኩል፣ የእንሰት መፋቂያዋን ይዛ። ጉድጓድ ያለው ቆጮ አልቋል፣ ልጆቹ ከትናንት ጀምሮ ጎመን ብቻ ነው የቀመሱት፣ በሩን በየት በኩል ተውክልኝ ትላለች፣ አንገቷን አቅንታ፣ ፀሐዩ ዓይኗ ውስጥ። በር የለም። ምን? በር የለም ሃሊማ፣ ተፈረደብን፣ የእርስዎ ነው ብያቸው ነበር፣ ለወጉ ነው፣ ወላሂ ለወጉ ያህል ነው።

መፋቂያዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ነገ ይቺ ሴት የማናት ቢሉህስ?

ከዚህ ራሴን ብወረውር የግንቡ ቁመት አይገድል፣ እግር ሰብሮ ያስቀራል እንጂ። ሄደች፣ ወደ ቤት መስሎኝ ነበር፣ አይደለም፣ መዳፏን ግንቡ ላይ አድርጋ ድንጋይ ድንጋዩን እየዳሰሰች ትሄዳለች፣ ጥጉን ዞረች፣ አላመነችኝም፣ በሩን ፍለጋ፣ የለም ሃሊማ፣ አትድከሚ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የለም