የጸሐፊው ማስረጃ

ካርትያያኒ አፏ አያርፍም ይሉኛል። እውነት ነው፣ አልክድም። ግን የወንድሜ ልጅ ሪጄሽ ባገባ ቀን አፌ ቢያርፍ ኖሮ ያ ሁሉ ድግስ ምን ይውጠው ነበር?

ሪጄሽ ዱባይ ሆቴል ሲሠራ ነው ካዴክን ያገኛት። ልጅቷ ኢንዶኔዥያ ያለችው የባሊ ደሴት ልጅ ናት፤ እነሱም እንደኛው ሂንዱ ናቸው። ኮከብ ቆጣሪያችን ከጠዋቱ አራት ከሃያ እስከ አምስት ያለውን ሰዓት ቆረጠልን። ያ ካለፈ ክፉው ወር ይገባል፣ በክፉው ወር ደግሞ እዚህ ደቡብ ሕንድ፣ ኬረላ፣ ማንም አይዳርም። አባቷ ማክሰኞ ተሳፋሪ ነው። አምና ሚስቱን በሞት ያጣ ሰው፣ ሰዓቱ ካመለጠን ደግሞ ልጁን ሳይድር ሊመለስ ነው ማለት ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቤተ መቅደሳችን ደረስን። ሪጄሽ እንደ ደንቡ ደረቱን ገልጦ፣ ካዴክ ጠርዙ ወርቅማ የሆነ ነጭ ሳሪዋን ለብሳ፣ ፀጉሯ ላይ ጃስሚን ተጠምጥሞ፣ እንዴት ታምር ነበር! በሩ ላይ «ሂንዱ ያልሆነ አይገባም» የሚል ሰሌዳ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ በሥሩ ሳልፍ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም።

የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ጸሐፊ ፕራታፓን መዝገቡን ዘርግቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። አብሮ አደጌ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ወረቀት ግን ነፍሱ ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ እንኳ መጀመሪያ ማመልከቻ ጻፉ የሚል ሰው ነው። የካዴክን ፊት አየ፣ ፓስፖርቷን አገላበጠና ኢንዶኔዥያ የሙስሊም አገር አይደለችም እንዴ አለ። ሪጄሽ ባሊ ሌላ ነው ብሎ ቢያስረዳው ቢያስረዳው አልሰማ አለ። መዝገቡ ላይ «ማስረጃ» የሚል ረድፍ አለ፣ ባዶ አልተወውም አለ። ለኛ ለሰፈሩ ሰዎች እዚያ ቦታ ላይ «የታወቀ» ብሎ ነው የሚያልፈን።

መላም አላጣም። ከተማ ውስጥ ሃይማኖት ለሚለውጡ ሰዎች ምስክር ወረቀት የሚሰጥ ማኅበር አለ። ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ነው፤ ዛሬ ሂንዱ ሆናለች የሚል ወረቀት ይዛችሁ ከተፍ በሉ፣ እኔም በደስታ እመዘግባለሁ አለን።

ሪጄሽ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። ወረቀት ነው፣ ምን ይጎዳናል፣ ቶሎ እንሂድ አላት። እሷ ግን ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ሆቴሉ ማድ ቤት የለቃቀመችው የኛ ቋንቋ ስብርብር ያለ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጥርት ብሎ ወጣላት።

«ዛሬ ሂንዱ ሆንኩ ብዬ ከፈረምኩ፣ እናቴስ ሂንዱ ሳትሆን ነው የሞተችው?»

አባቷ ቋንቋውን አይሰማም፤ ፊቷን ብቻ አይቶ እንባው መጣ።

ሰርገኛው ግን በር ላይ እንደቆመ ክርክር ጀመረ። አንዱ ሂንዱ ማለት የበሬ ሥጋ የማይበላ ነው ሲል፣ ወንድሜ ታዲያ ትናንት ጥብሱን ማን ጨረሰው ብሎ አሳፈረው። ሌላው በአምላክ የሚያምን ነው አለ። ይሄኔ ባሌ ቱግ አለ፤ በአምላክ አምኖ አያውቅም፣ አንድም በዓል ግን አምልጦት አያውቅም። አንዷ ደግሞ እዚህ አገር የተወለደ ሁሉ ነው አለች። ክርስቲያኑ ጎረቤታችን ጆሴፍ ከሰሌዳው ወዲያ ቆሞ፣ እኔም እዚሁ ነው የተወለድኩት፣ ልግባ? ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ሰዓቱ ግን አራት ሞላ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «አንተ ፕራታፓን፣ የሷን ከመጠየቅህ በፊት እስቲ ያንተን ማስረጃ አሳየን» አልኩት።

የኛ ማስረጃ የታወቀ ነው፤ ትምህርት ስንጨርስ የሚሰጠን ደብተር ላይ ሃይማኖታችን ተጽፏል። የፕራታፓን ቤት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነው። እሱ አያስፈልግም፣ አያስፈልግም እያለ ሲንተባተብ፣ ሚስቱ ባሏን ልታኮራ ሮጣ ሄዳ ከሣጥን አውጥታ አመጣችው። ከእጇ ተቀብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ስም፣ ፕራታፓን። ሃይማኖት፣ የለውም።

አባቱ የለየላቸው ኮሚኒስት ነበሩ። ለካ ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ ርዕሰ መምህሩን እንዲህ ብለው አጽፈውታል! ሰርገኛው እንዴት እንደሳቀ። ፕራታፓን ግን ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ያን ሲያዩ ሳቁም ቀስ በቀስ ጠፋ። አሳዘነኝ፣ ምን ልደብቅ። ጠብ ፈልጌ እንጂ ላዋርደው ብዬ አልነበረም።

«ታዲያ አርባ ዓመት ሙሉ በምን ገባህ?» አልኩት፣ አሁን ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«በአያቴ» አለ። «አባቴ ስብሰባ ሲሄድ ጠብቃ በጓሮ በር አቅፋ ታስገባኝ ነበር።» ከዚያ ቀና ብሎ ካዴክን አያት። «አንቺንስ መጀመሪያ ቤተ መቅደስ ያስገባሽ ማን ነው?»

«እናቴ» አለች።

ፕራታፓን መነጽሩን ጠረገ፣ እስክሪብቶውን አነሳና ማስረጃ በሚለው ረድፍ ላይ «እናቷ አቅፋ አስገብታታለች» ብሎ ጻፈ። ማኅተሙንም መታበት፤ ያለ ማኅተም እንቅልፍ አይወስደውም።

አራት ተኩል ላይ ሪጄሽ የጋብቻውን ክር አንገቷ ላይ አሰረ፣ ከበሮው ቀለጠ፣ እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስንወጣ የካዴክ አባት መዝገቡ ጋ ቆሞ ያ መስመር ምን እንደሚል ጠየቃት። ተረጎመችለት። ሰውየው እስክሪብቶውን ከፕራታፓን እጅ ተቀበለና ጎንበስ ብሎ፣ በገዛ አገሩ ፊደል፣ ከመስመሩ አጠገብ የሚስቱን ስም ጻፈ። ስሙም ከረድፉ አልፎ ሄደ። ፕራታፓንም ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አለበት።